ስድስተኛዋ ነጥብ

ቶኩናጋን የገደለው ሰው የመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከመደርደሪያው ላይ የነሐስ የአባጆራ መቆሚያ አንስቶ ከጆሮው በላይ አሳረፈበት፤ ከዚያ መቆሚያውን ካነሳበት ቦታ መልሶ አስቀመጠው። ኢንስፔክተር ካጂዋራን የገረመው ይሄ ነው። ሰው ገድሎ ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስ ገዳይ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው አላጋጠመውም።

ሟቹ ከእንጨት ገንዳው አጠገብ በጎኑ ተኝቷል። ገንዳው እርጥብ አሸዋ ሞልቶታል። አሸዋው ውስጥ አፉ ተደፍቶ እስከ ወገቡ የተቀበረ ትልቅ የፖርሴሊን የአበባ ገንቦ አለ። ከላይ የሚታየው ቂጡ ነው፤ ቂጡ ላይ የእጅ መሰርሰሪያው እንደተተከለ ቀርቷል። ጥንዱ ገንቦ መደርደሪያ ላይ ቆሟል፤ ሰማያዊና ቀይ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው። አጠገቡ ያለቀ ሻማ።

የሱቁ ባለቤት ኢሶዳ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ኢንስፔክተር፣ ገንቦውን መቼ ትለቁልኛላችሁ? የአሜሪካዊው ኮሎኔል ሚስት ሁለቱን አባጆራ ለቅዳሜ ነው የምትፈልጋቸው።»

«ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ይሄ የተኛው» አለ ሳጅን ኦኑማ። «ለቅዳሜ የሚፈልገው የለም?»

የሚፈልገው አልነበረም። ቶኩናጋ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ዮኮሃማ በቦምብ በተቃጠለችበት ግንቦት አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል እየኖረ ገንቦ ሲበሳ ነው የከረመው። ከጦርነቱ ወዲህ ከተማዋን የያዙት አሜሪካኖች የድሮ ገንቦ ይወዳሉ፤ ግን አበባ አያስቀምጡበትም። ቂጡን አስበስተው ሽቦ ያስገቡበታል፣ አናቱ ላይ አምፖልና የሐር ቆብ ይደፉበታል። ሱቁ ያለበት ሰፈር ራሱ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋበታል።

«ማን ይጠላው ነበር?» አለ ካጂዋራ።

«እሱን ማን ያውቀዋል ብለው ነው የሚጠላው። ገንቦዎቹን በሚመለከት ከሆነ ግን አንድ ሽማግሌ አለ። ሺኖዛኪ ይባላል፣ ከአሪታ የመጣ ሸክላ ሠሪ። የቤተሰቤ ናቸው እያለ ሦስት ቀን ደጃፌ ላይ ቆመ። አባረርኩት። ‹ይሄን የሚበሳ እጅ ይድረቅ› ብሎ ሲራገም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ጎረቤቷ ከሰል ሻጭም ሰምታለች። ከእርግማኑ ይልቅ የምታስታውሰው ግን መሰርሰሪያውን ነው።

«ጥርስ ላይ የሚሄድ ድምፅ ነው» አለች። «መብራት ሲጠፋ ቆመ፣ ሻማ ለኮሰ መሰለኝ እንደገና ቀጠለ። የጣድኩት ስኳር ድንች ሳይበስል ጸጥ አለ። ተገላገልኩ አልኩ። አሁን እንደዚያ ማለቴ ያሳፍረኛል።»

ስለዚህ ቶኩናጋ የሞተው ሰኞ ምሽት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው።

*

ሽማግሌውን ከአንድ ርካሽ ማደሪያ አመጡት። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ። ሻይ ሲሰጡት ከመጠጣቱ በፊት ጣቱን ወደ ጽዋው ውስጥ ሰዶ ግድግዳውን ዳሰሰ።

«ቆሻሻ ነው እንዴ?» አለ ኦኑማ።

«አይ፣ ይቅርታ። የሸክላ ሠሪ እጅ ነው። ቀድሞ አፍ ውስጥ ይገባል።»

«ገንቦዎቹ የእርስዎ ነበሩ?» አለ ካጂዋራ።

«የአያቴ አያት ሥራ ናቸው። እኔ ሸጥኳቸው።»

«ከሸጡ በኋላ ምን አገባዎት?»

«ሸጥኩ፤ እንዲበሱ አልሸጥኩም። ባለቤቴ ታመመች፣ ሩዝ አጣሁ፣ በሩዝ ለወጥኳቸው። ሩዙ ሳያልቅ እሷ አለቀች።» ጽዋውን አስቀመጠ። «አንድ ቤት ውስጥ አበባ ይዘው ይቆማሉ ብዬ ነበር። ዘንድሮ ከእኔ የወሰዳቸው ነጋዴ ወዴት እንደሄዱ ነገረኝ። ልለምን መጣሁ።»

«ሱቁ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን። ባለቤቱ ከደጃፍ መለሰኝ። ባለፈው ሳምንት በመስኮት ነው ያየኋቸው፣ እንደቆሙ።»

«ሰኞ ምሽት የት ነበሩ?»

«መታጠቢያ ቤት። ከማደሪያዬ ፊት ለፊት ያለው የሕዝብ መታጠቢያ። ይጠይቁ።»

ካጂዋራ እንደሚጠይቅ ነገረው። ሽማግሌው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለራሱ የሚያወራ ያህል ቀስ ብሎ ተናገረ።

«መቶ ሃምሳ ዓመት ሳይሰነጠቅ የኖረ ነገር። ደግሞ ከስድስተኛዋ ነጥብ ላይ ነው የጀመረው።»

«የምን ነጥብ?»

«የቤት ነገር ነው» አለ።

ኦኑማ ሁሉንም ጻፈ። ኦኑማ ያልገባውንም ይጽፋል፤ ጥሩ ጎኑ ይሄ ብቻ ነው ይላል ካጂዋራ።

የመታጠቢያ ቤቱን ገንዘብ የምትቀበለው ወይዘሮ ታኔ ከከፍተኛ ወንበሯ ሳትወርድ መለሰችላቸው።

«ያ የአሪታ ሽማግሌ? መብራት ሳይጠፋ ነው የገባው። እጁን ብቻ እየታጠበ ውሃዬን ጨረሰው። ‹አባባ፣ ገላዎትስ አልቆሸሸም?› አልኩት። መብራት ሲጠፋ ገንዳው ውስጥ ነበር፤ ሻማ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኢንስፔክተር፣ ራቁቱን ወንድ በሻማ ያየሁት ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱን ብቻ ነው። አልረሳም።»

ኦኑማ ሳቀ። ካጂዋራም ሳቀ፤ ደስ ስላለው ነው። ሽማግሌውን ወዶታል። መብራት ሳይጠፋ ውሃ ውስጥ የነበረ ሰው መብራት ከጠፋ በኋላ ሰው አይገድልም።

ጣቢያ ሲመለሱ አለቃው ግን አልሳቀም።

«ራቁት የምትቆጥር አሮጊት ምስክር አትሆነኝም። ሰውዬው በአደባባይ ዝቷል። ዓርብ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ።»

«ከተፈረደበት ይሰቀላል።»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ሌላ ሰው አምጣልኝ።»

*

ረቡዕ ጠዋት የሽማግሌው ልጅ ደረሰች። ሚትሱዮ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከአሪታ እስከ ዮኮሃማ በባቡር ቆማ ነው የመጣችው። ጥፍሮቿ ሥር ነጭ ጭቃ አለ።

«አባቴ ስንት ቀን አለው?»

«እስከ ዓርብ።»

«አልገደለም።»

«እኔም አይመስለኝም። ግን የገደለውን ካላገኘሁ የኔ ግምት አያወጣውም።»

ተቀመጠች። አላለቀሰችም። በጨርቅ የተጠቀለለ ስኳር ድንች አውጥታ ለአባቷ እንዲሰጥላት ጠየቀች። ሁለት ነበሩ፤ ካጂዋራ አንዱን ለእሷ መለሰላት።

በዚያው ቀን ካጂዋራና ኦኑማ የቶኩናጋን ክፍል ፈተሹ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ የሦስት ሟቾች ስም የተጻፈበት የመታሰቢያ ሰሌዳና ከፊቱ የተቀመጠ ደረቅ ዳቦ። ኦኑማ ወለሉን በተረከዙ ሲመታ አንዱ ጣውላ ላላ። ሥሩ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉ ሁለት ገንቦዎች አገኙ። ሰማያዊና ቀይ። ሱቁ ውስጥ ካሉት ሁለቱ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። አልተበሱም።

«ሟቹ ሌባ ነበር ማለት ነው» አለ ኦኑማ። «ኢሶዳ ደረሰበት፣ ተጣሉ፣ አለቀ።»

ካጂዋራም እንዲሆንለት ፈለገ። ከኢሶዳ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተፋጠጠ። ኢሶዳ መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ ተናደደ።

«አራት? እኔ የገዛሁት ሁለት ነው! አራት ከሆኑ ሁለቱ ከየት መጡ?»

«አንተ ነህ የምትነግረኝ።»

«ሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት አሜሪካኖቹ ሰፈር ስድስት አባጆራ ስገጥም ነበር። ዘበኛው ስገባና ስወጣ ጽፎኛል። እነሱ ዘንድ መብራት አይጠፋም፣ ሰው ሲሠራ ይታያል።»

ዘበኛው ጽፎታል። ሦስት የቤት እመቤቶች አይተውታል። አንዷ አምፖሉን ሁለት ጊዜ አስቀይራዋለች። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ካጂዋራ እጁ ላይ ከሽማግሌው ሌላ ማንም አልነበረም።

*

አራቱን ገንቦዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሚትሱዮን ጠራት። ገና ከበሩ ስታያቸው ቆመች።

«አገኛችኋቸው» አለች። «ቶኩናጋ የት እንደደበቃቸው አልነገረኝም ነበር።»

ካጂዋራ ወንበር ሳበላት። «ቶኩናጋን ታውቂዋለሽ?»

«በደብዳቤ። በሚያዝያ ጻፈልኝ። ገንቦዎቹ የመጡበት ሣጥን ላይ የቤታችንን ስም አግኝቶ። ‹ሦስት መቶ ያህል በስቻለሁ፤ ለእነዚህ ግን እጄ እምቢ አለኝ› ይላል። እነዚህን የሚመስሉ ሁለት ብሠራለት ለአሜሪካዊቷ የእኔን እንደሚበሳላት፣ የድሮዎቹን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ራሱ ይዞልን እንደሚመጣ ጻፈ። ሠራሁ። ባለፈው ዓርብ ደረሱት።» ከወለል ሥር የወጡትን ሁለቱን በእጇ አሳየች። «እነዚህ የአያቶቼ ናቸው። ሱቅ የነበሩት፣ የሚበሳውም ጭምር፣ የኔ ናቸው። ጫፋቸውን በጣትዎ ይዳስሱ። የድሮው ይለሰልሳል፤ የኔው ይቧጥጣል።»

ዳሰሰ። እውነቷን ነው።

«እንግዲህ ይኸው» አለች፤ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋ ሲረዝም ሰማው። «አባቴ የሚገድልበት ምክንያት የለውም። ሰውዬው የቤታችንን ገንቦ አልነካም። እንዲያውም ያዳነልን እሱ ነው። ይሄን ለአለቃዎ ይንገሩልኝ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ምኑን?»

«አዳዲሶቹን መሥራትሽን።»

«አያውቅም። ቅጂ የሚሠራ ሸክላ ሠሪ ለእሱ ሌባ ነው። በምድጃው መሐላ አስገብቶ ነው ያስተማረኝ። አሮጌዎቹ ቤት ሲደርሱ እነግረዋለሁ ብዬ…» ቆመች። «ቶኩናጋንም አባቴ ቢመጣ እንኳ እንዳትነግረው ብዬ አስምዬው ነበር።»

ካጂዋራ መሰርሰሪያው የጀመረውን ገንቦ ገለበጠው። ቂጡ ላይ አምስት ትናንሽ ነጥቦች ክብ ሠርተው አሉ፤ በመሐላቸው፣ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ፣ የተጀመረው ጉድጓድ።

«እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«ገንቦው ትልቅ ሲሆን ምድጃ ውስጥ ቂጡ እንዳይሰምጥ ከሥር የጭቃ ጥርሶች እናቆማለን። ከተቃጠለ በኋላ ይሰበራሉ፤ ምልክታቸው ይቀራል። ሌሎች ቤቶች አምስት ያቆማሉ። እኛ ስድስት። ስድስተኛዋን ከመሐል ወደ ግራ። አባት ለወራሹ ብቻ ነው የሚያሳየው። ወንድሜ ከጦርነቱ ስላልተመለሰ ለኔ አሳየኝ።»

«በቅጂዎቹም ላይ አደረግሽው?»

«ሌላ አሠራር አላውቅም።»

«ስድስተኛዋ እዚህ የለችም።»

«ጉድጓዱ በልቷታል። የላይኛው ልባስ የተሰበረባት ቦታ ስለሆነች መሰርሰሪያ አይንሸራተትባትም። ጎበዝ ሠራተኛ ከዚያ ነው የሚጀምረው።»

ኦኑማ ደብተሩን ያገላብጥ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ አቆመ፤ ደብተሩን ገልብጦ ለካጂዋራ ሰጠው። *ደግሞ ከስድስተኛዋ ነጥብ ላይ ነው የጀመረው።*

መሰርሰር የተጀመረው ሰኞ ምሽት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፖሊስ ክፍሉን ዘጋው። ጉድጓዱ ከተጀመረ ወዲህ ያንን ቂጥ ያዩት ከፖሊስና ከኢሶዳ ሌላ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል።

«ሚትሱዮ» አለ ካጂዋራ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሻማ ብርሃን፣ ተገልብጦ፣ ግማሹ አሸዋ ውስጥ ሆኖ… አባትሽ የአንቺን ሥራ ከአያቱ ሥራ ይለየዋል?»

 ጥያቄው ሲገባት ፊቷ ላይ የሆነውን ካጂዋራ ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«መታጠቢያ ቤት ነበር ብላችሁኛል» አለች።

«ነበር።»

የመብራት ኃይሉ ቢሮ ቅርብ ነው። ጸሐፊው መብራት በየሰፈሩ በወረፋ የሚጠፋበትን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ አሳያቸው። ሰኞ፣ የሱቁ ሰፈር፦ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከቦዩ ማዶ፣ መታጠቢያ ቤቱ ያለበት፦ አንድ ሰዓት። ወይዘሮ ታኔ አልዋሸችም። እሷ ጋ መብራት የጠፋው ቶኩናጋ ከሞተ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ከሱቁ እስከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

«ባንጠይቅ ኖሮ» አለ ኦኑማ ሲመለሱ።

«ባንጠይቅ ኖሮ ምን?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

*

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው ሠንጠረዡ ሲነገረው አልተከራከረም።

«እኔ ነኝ» አለ። «በኋላ በር ገባሁ። ሊለምን የሚገባ ሰው ነበርኩ፤ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ገንዳው ውስጥ ቂጡን አየሁት። ስድስተኛዋን ሲበላት አየሁ። እጁን አነሳና ‹አባት፣ ይቆዩ፣ ይሄ…› አለኝ። አላስጨረስኩትም።»

ኦኑማ ብዕሩን አቆመ።

«መቆሚያውን ለምን ወደ ቦታው መለሱት?» አለ ካጂዋራ።

ሽማግሌው ጥያቄው አልገባውም። «የሰው ሱቅ ነው» አለ። ቀጥሎ፦ «ሁለተኛው ተረፈ አይደል? ሳይበሳ?»

«ተርፏል።»

«እንግዲያው አንዱ አለ» አለ ሽማግሌው። ትከሻው ትንሽ ወረደ። «ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ብይዘው…»

ካጂዋራ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሚትሱዮ አግዳሚው ላይ ናት። ሁሉንም ነገራት፤ ቶኩናጋ ሊናገር የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀረ።

«አይንገሩት» አለች። «የአያቶቹን ገንቦ የበሳ ሰው ገደልኩ ብሎ ይሙት። የድሮውን ይስጡት። ጥንዱ ነው ብሎ ያስባል። ሁለቱም መትረፋቸውን፣ የኔንም ሥራ፣ አይወቅ። ይሄን ብቻ ያድርጉልኝ።»

ቃል ገባላት። ሕጉ የእምነት ቃሉ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅም። የድሮውን ገንቦ ታቅፎ ተመለሰ።

ሽማግሌው በሁለት እጁ ተቀበለው። ጫፉን በአውራ ጣቱ አሸ፣ ገለበጠው፣ ስድስቱን ነጥቦች አንድ በአንድ ነካ። ፊቱ ተፈታ። ካጂዋራ ቢያንስ ይሄን አደረግኩ ብሎ አሰበ።

ከዚያ የሽማግሌው እጅ ወደ ገንቦው አፍ ገባ፤ እስከ አንጓው። ቆመ። ከአንገቱ ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት፣ የተለጠፈ ነገር አላቅቆ አወጣ። ሁለት ጣት የምትሆን ወረቀት ነበረች። ፖሊስ ገንቦውን ሁለት ጊዜ ፈትሾታል፤ ማንም ግን እጁን እዚያ አልከተተም። የጻፈው ሰው ማን እጁን እንደሚከት ያውቅ ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቷን ከዓይኑ አርቆ ድምፁን አውጥቶ አነበበ።

«የሺኖዛኪ ቤት ንብረት። አይበሳም። በዓመቱ መጨረሻ ወደ አሪታ ይመለሳል። ቶኩናጋ።»

እንደገና አነበበ፤ አሁን በልቡ።

«‹ይቆዩ› አለኝ» አለ።

ካጂዋራ ወለሉን አየ።

«ያኛውም ስድስት ነጥብ ነበረው። ስድስቱን የሚያውቅ ከኔ ሌላ…» ዓረፍተ ነገሩን ተወው። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ሲንቋቋ ተሰማ፤ የተቀመጠችው ሰው ተንቀሳቅሳለች። ሽማግሌው ወደዚያ አልዞረም።  ኦኑማ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ።

«ሰውዬው ቤተሰብ አለው?»

«የለውም።»

«ማን ቀበረው?»

«ከተማው።»

ሽማግሌው ወረቀቷን በምላሱ አርሶ፣ እጁን ወደ ገንቦው መልሶ፣ ካላቀቃት ቦታ በጥንቃቄ ለጠፋት። ገንቦውን ለካጂዋራ ዘረጋለት።

«ልጄ እንዳነበብኩ አትወቅ» አለ። «ደስ ብሎት ያዘው ይበሏት።»

ካጂዋራ ወጣ። ሚትሱዮ ብድግ አለች።

«ምን አለ?»

«ደስ አለው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ገንቦውን ተቀበለችው፤ እጇም፣ ገና ሳታስበው፣ ወደ አፉ ገባ።